ጀርባቸውን ለሜዳው የሰጡት ሊቀመንበር

በሰሜን ወሎ ምድር እንደ እኔ ያለ በረኛ አልበቀለም። ይህን የምለው ከትሕትና ጋር ነው፤ ትሕትናውን ብተወው ከላስታ እስከ ሞያሌ እል ነበር። እጆቼን ስዘረጋ በግራም በቀኝም የግቡን ቋሚ እነካ ነበር። ዘልዬ ኳስ ስይዝ ከአሸተን ማርያም ተራራ ጉም ጠጉሬ ላይ ይዤ እወርድ ነበር። በዚያ ዘመን ላሊበላ የመጣ ፈረንጅ ሁለት ነገር ሳያይ አይመለስም ይባል ነበር፤ አንደኛውን ታውቁታላችሁ፣ ሁለተኛው እኔ ነበርኩ።

ይሁን እንጂ በአለት ስፖርት ክለብ በቆየሁባቸው ዓመታት አብዛኛውን ጨዋታ ያየሁት ከተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ወንበሩም ቢሆን የክለቡ አልነበረም፤ የእድር ነበር። ከተማው ውስጥ ለቅሶ የገጠመ ቀን ወንበሩ ወደ ለቅሶው ቤት ይሄድና እኔ ቆሜ ተቀያሪ እሆን ነበር። ቆሞ ተቀያሪ መሆን ምን ያህል እንደሚያደክም የቀመሰው ያውቀዋል፤ ከሚሮጡት እኩል ነበር የሚያልበኝ።

ያንን ወንበር ያዋሱን ጋሽ ታረቀኝ ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ ወልድያ፣ ጫማ በምሸጥበት ሱቄ ውስጥ ነው። አብሮኝ የተጫወተ አንድ የላሊበላ ልጅ ደወለ። ልጅ ስል እንደ እኔው መላጣ ነው።

«በረኛው፣ ቁጭ ብለሃል?» አለኝ።

«መች ተነሥቼ አውቃለሁ?»

አልሳቀም። ያኔ ደነገጥኩ።

«ጋሽ ታረቀኝ ዐረፉ። የላሊበላን ሰው ሲቀብሩ ኖረው፣ ይኸው ተራቸው ደረሰ።»

አንድ ደንበኛ አንዱን እግሩን አዲስ ጫማ ውስጥ አስገብቶ «ኧረ ይጠበኛል» እያለኝ ነበር። «ይሰፋል» ብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳ ገብቼ ምን እንዳደረግሁ አይጠየቅም።

ጋሽ ታረቀኝ ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋውም በክረምቱም ጥላ የማይለያቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጥላውን ዘርግተውት አይቼ አላውቅም። ሰው ይጠሩበታል፣ ውሻ ያባርሩበታል፣ ጠብ ሲነሣ ደግሞ በሁለቱ ጠበኞች መካከል አጋድመው እንደ አጥር ይይዙታል። ሚስታቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው ዳግመኛ አላገቡም፤ ልጅም አልነበራቸውም። የነበራቸው እድሩ ነው። ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት እኔ ሳልወለድ ነው። እንዲያውም እኔ ነገሩን ሳስበው፣ እነዚያን ቤተ ክርስቲያኖች ሲፈለፍሉ ከሠራተኞቹ መካከል የሞተ ከነበረ፣ የቀበሩት ጋሽ ታረቀኝ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ወደ ኳሱ የገቡት እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ፣ አዲሱ መንግሥት ተደላድሎ፣ ቱሪስቱም እየተመለሰ ሳለ «ከተማችን የራሷ ክለብ ያስፈልጋታል» ተባለ። ክለቡ በአንድ ቀን ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩን ለመምረጥ ግን አንድ ክረምት ፈጀ። አስጎብኚዎቹ ከእኛ ወገን ይሁን አሉ። ባለሆቴሎቹ ተጫዋቹን የምናበላው እኛ ነን አሉ። የቢሮ ሰዎችም በበኩላቸው ማኅተሙ የት እንዳለ አትርሱ አሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ተስማሙ፤ ማንንም ያላስቀየመና ኳስ የማያውቅ ሰው ላይ።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ኳስ ያውቃሉ?» ተብለው ተጠየቁ።

«አላውቅም።»

«እንኳን አላወቁ! ይምሩልን።»

ጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ትንሽ አሰቡና፣ «እኔ የማውቀው አንድ አስተዳደር ነው፤ የእድር። በእሱ ከሆነ እሺ፤ በሌላ ከሆነ ልብሴን ልስፋበት» አሉ።

በእሱ ሆነ። በለቅሶ የቀረ የእድር አባል እንደሚቀጣው፣ በልምምድ የቀረ ተጫዋች ይቀጣ ጀመር። «ታምሜ ነው» ያለ ልጅ እንደሆነ ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል፤ ሳይታመም «ታምሜያለሁ» ብሎ ሽማግሌ ተሰልፎ የጠየቀው ልጅ ሁለተኛ አይዋሽም። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሆዴን ብዬ ቀርቼ፣ አምስት ሽማግሌ አልጋዬ ዙሪያ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግምልኝ በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ሜዳ ተገኘሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን የሆነውን ግን ላሊበላ እስካሁን አልረሳችውም። ጋሽ ታረቀኝ ሕዝብ የሚጠሩበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ስለዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ የእድሩን ጥሩንባ ነፊ በየሰፈሩ አዞሩት። ከተማው ጥሩንባ ሰምቶ ምን ያድርግ? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባልቴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ወደተባለው ቦታ ጎረፉ። ቢደርሱ ሬሳ የለም፤ በቁምጣ የሚዘሉ ልጆች ናቸው።

አንዲት እናት መንገዱን ሙሉ አልቅሰው የደረሱ ነበሩና ጋሽ ታረቀኝን ይዘው፣ «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም እናቴ። ኳስ ጨዋታ ነው።»

«ታዲያ ይህን ያመጣሁትን እንባ የት ልመልሰው?»

ጋሽ ታረቀኝ ወደ እኛ ዞረው አዩና፣ «ይያዙት እናቴ። ልጆቹ ሲለማመዱ አይቻለሁ፤ ሳያስፈልግ አይቀርም» አሉ።

አስፈለገ። አምስት ገባብን። አምስቱም ሲገቡ እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ ይመዝገብልኝ። ሕዝቡ ለለቅሶ ብሎ ንፍሮ ቀቅሎ ይዞ ነበርና፣ ከሚበላሽ ተብሎ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ተጫዋቹም ደጋፊውም አንድ ላይ ተቀምጦ ስንዴና ባቄላውን ቆረጠመ። ሊሳደብ የተነሣው ሰው እንኳ አፉ ንፍሮ ሞልቶት ዝም አለ። ጋሽ ታረቀኝ ይህንን አዩ። አይተውም አልቀሩ፤ በዚያው ሥርዓት አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ አለት ሲሸነፍ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀርባል። እስከ ሣልስቱም ድረስ ማንንም መውቀስ ክልክል ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገን እንደሚባለው፣ በእነዚያ ቀናት ስለ ጥፋተኛው የሚነገረው ደግ ደጉ ብቻ ነው። በራሱ ግብ ያገባ ተከላካይ «እናቱን የሚጦር፣ ድምፁ የማይሰማ» ይባላል። ፍጹም ቅጣት ምት ሰማይ የሰደደ አጥቂ «ደግሞ እኮ አመታቱ ደህና ነበር፤ ጉልበቱን እዩልኝ» ይባልለታል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ አፍ ይፈታል፤ ያኔ ማንም ተነሥቶ የፈለገውን መናገር ይችላል። ግን በሦስት ቀን ውስጥ ንዴቱ በርዶ፣ ስድቡ ተረስቶ፣ የሚቀረው ቁም ነገሩ ነው። በሌላ አገር አሠልጣኝ በድንጋይ ሲባረር እንሰማ ነበር። የእኛ አሠልጣኝ ስንት ጊዜ ተሸንፎ በከተማው ውስጥ አንድም ጠጠር አልተወረወረበትም፤ ንፍሮ ግን አወፍሮት ነበር።

«ክለብ ማለት እድር ነው» ይሉ ነበር። «ልዩነቱ የእድር ሟች አንዴ ይሞትና ያርፋል። የእኛዎቹ በየእሑዱ ሞተው በየማክሰኞው ለልምምድ ይነሣሉ።»

ኳሱን ግን እስከ መጨረሻው አላወቁትም፤ ለማወቅም አልፈለጉም። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን አሠልጣኙ በጠጠር እየደረደረ ስንት ጊዜ አስረዳቸው። «ሰው ቀድሞ መድረሱ እንዴት ጥፋት ይሆናል?» ብለው ጠጠሮቹን በጥላቸው በተኗቸው። በጨዋታ ሰዓት ወንበራቸውን ከሜዳው ጠርዝ ያስቀምጡና ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ደጋፊው አዙረው ይቀመጣሉ። እንግዳ ሰው ያየ ጊዜ ያበዱ ይመስለዋል።

«ኳሱን እናንተ እዩት፤ እኔ እናንተን አያለሁ» ነው መልሳቸው።

ያያሉም። ማን እንደከፋው፣ ማን ከማን ጋር ሊጣላ እንደሆነ፣ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው ይለቅሙታል። ውጤቱንም ከሰው ፊት ያነቡታል። ኳሷ መረብ ሳትነካ «ገባ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እድሩ ውስጥ ይህን ሁሉ የማይወድ አንድ ሰው ነበር፤ አያ ደምሌ ይባላሉ። የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው ሁሉ በእርሳቸው እጅ ስለሆነ ከዕቃ ቤቱ ማንኪያ ሲወጣ ከሥጋቸው የተቆረጠ ይመስላቸዋል። የእግር ኳሱ ጭቃ ድንኳኑ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከፊታቸው ላይ ያረፈ ያህል ነው።

«ታረቀኝ፣ ይህ የሙታን ድንኳን ነው!» ይላሉ።

«አያ ደምሌ፣ ሙታኑ ተከራክረው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ የምከራከርላቸው!»

ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ክፉዎች ግን አልነበሩም። አያ ደምሌ የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። አንድ ቀን ኳስና ቀብር ይጋጠማሉ፤ ያን ቀን እድሩ ኳሱን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ እድር የሚባል ነገር የለም። ይህንን በየስብሰባው ይናገሩ ነበር፤ እኛም በየስብሰባው እንስቅ ነበር።

አንድ ዓመት እንደ ተአምር ተነሥተን ወደ ክልሉ ሊግ አደግን። ከደሴና ከቆላው የሚመጡ ቡድኖችን ላሊበላ ላይ ማስተናገድ ጀመርን። የቆላዎቹ በዳገታችን ሳንባቸው ሲፈነዳ፣ እኛ ደግሞ በሜዳቸው ሙቀት ስንቀልጥ፣ አንዱን አሸንፈን ሦስቱን ስንሸነፍ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከታች ተቀመጥን። ድንኳኑ ከሜዳው ዳር መነቀል ተወ። ያኔ አያ ደምሌ እድሩን ሰበሰቡ።

«ለሟች ስንጠራ ድንኳኑ እርጥብ ነው። ለሟች ስንጠራ አግዳሚው ሜዳ ላይ ነው። ሰብሳቢያችን እድሩን ለኳስ ሸጡት። ወይ ኳሱን ይተዉ፣ ወይ ሰብሳቢነቱን ይተዉ» አሉ።

ሕዝቡ ተንጫጫ። ጋሽ ታረቀኝ ቆመው ጥላቸውን አነሡና ዝም አሰኙት።

«ጎበዝ! ክለቡ ከሊጉ ከወረደ እኔም ከዚህ ወንበር እወርዳለሁ። ቃሌ ነው።»

ለእኛ ለጎረምሶቹ ይህ ቀልድ ነበር። ለእርሳቸው ግን ቤትም፣ ሚስትም፣ ልጅም ያቺ ወንበር ነበረች። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ተከትያቸው፣ «ጋሽ ታረቀኝ፣ ምነው እንዲህ ያለ ቃል? እኛን አያውቁንም እንዴ?» አልኳቸው።

«አውቃችኋለሁ። ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ» ብለውኝ ሄዱ።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ነበር፤ ከቆላ ከመጣ የፋብሪካ ቡድን ጋር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ማለዳ ጥሩንባው ተነፋ። ከተማው ለኳስ ነው ብሎ ጋቢውን ለበሰ። ትንሽ ቆይቶ ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። «አዱኛ ዛሬስ በጣም ጓጉቷል» ብለን ሳቅን። ጥሩንባ ነፊው አዱኛ ግን የጓጓ አልነበረም። እማሆይ ትበርህ ሌሊቱን ዐርፈው ነው።

እማሆይ ትበርህ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ነበሩ። ወንድም የላቸው፣ የወንድም ልጅ የላቸው። ካህናቱ ቀብሩን ዘጠኝ ሰዓት አሉት። ኳሱም ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ድንኳኑ ሥር ተሰበሰብን። አሠልጣኙ ላብ አጥምቆታል። አንዱ ተነሥቶ፣ «እማሆይን ሁላችንም ብንወዳቸውም ቅር የሚለው ዘመድ የላቸውም። አራት ተሸካሚና አንድ ቄስ ይበቃል። የቀረነው ሜዳ እንግባ» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። የእኔም ራስ ከተነቀነቁት መካከል ነበር። አያ ደምሌ ብቻ እጃቸውን አጣምረው ጋሽ ታረቀኝን ያያሉ፤ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን ደርሷል።

«ዘመድ የላቸውም አልክ?» አሉ ጋሽ ታረቀኝ ቀስ ብለው። «ታዲያ እማሆይ ይህን ሁሉ ዘመን ከእኛ ጋር የተቀመጡት ማን ብለውን ነው?»

ጥላቸውን አነሡ።

«ሁሉም ሰው ወደ ቀብር። ተጫዋቹም ጭምር።»

«ጋሽ ታረቀኝ!» አለ አሠልጣኙ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሰዓቱ ካለፈ ፎርፌ ነው! ክለቡ ይወርዳል! እርስዎም እኮ...»

«እኔም እወርዳለሁ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እማሆይ አይደሉም።»

ቀጥለው ያደረጉትን ተከትዬ አይቼዋለሁ። ሜዳው ላይ እየተሟሟቁ ወደነበሩት እንግዶች ሄዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የቡድኑ አምበል ሰይድ የሚባል፣ አንገቱ የበሬ፣ በሁለት እግሩ የሚመታ ጎረምሳ ነበር።

«ልጆቼ፣» አሉ፣ «ለቅሶ ገጥሞናልና ልንሄድ ነው። ጠብቁን ብዬ አልለምናችሁም። ሰዓቱ ካለፈ ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ አንከስም፣ አናጉረመርምም። ሳንነግራችሁ ብንሄድ ነውር ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው የሞተው አባቴ?» አለ ሰይድ።

«አንዲት መነኩሲት ናቸው። ዘመድ የላቸውም።»

ሰይድ ኳሷን ከእግሩ ሥር አንሥቶ ብብቱ ውስጥ ወተፋት። ወደ አሠልጣኛቸው ዞሮ፣ «ወላሂ፣ ለቅሶ አልፌ ኳስ መታሁ ብላት እናቴ ቤቷ አታስገባኝም» አለ። አሠልጣኙ አፉን ሊከፍት ሲል ልጆቹ ከነማሊያቸው ተከትለውት ነበር። ሜዳው ላይ ዳኛውና የጨዋታው ኮሚሽነር ብቻ ቀሩ። ኮሚሽነሩ ግራ ቀኙን አየና፣ «ማንን ከማን ላጫውት ነው እንግዲህ?» ብሎ እርሱም ተነሣ።

እንዲህ ያለ ቀብር ላስታ አይታ አታውቅም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ቀረርቶዬ አይደለም፤ ያየ ይመስክር። እማሆይ ትበርህን፣ እኒያን ብቸኛ መነኩሲት፣ ከፊት የአለት ልጆች በነጭ ማሊያ፣ ከኋላ የፋብሪካው ልጆች በቀይ ማሊያ ሆነው ተሸከሟቸው። የሚቀበሩበት ደብር በአሸተን ማርያም መንገድ ዳገቱ ላይ ነው። የቆላ ልጆች ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም ቃሬዛውን አንለቅም ብለው እየተቀባበሉ ወጡ። ሰይድ እስከ ደጀ ሰላሙ ተሸክሞ፣ ከዚያ ወዲያ ለካህናቱ አስረክቦ፣ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። የእንግዶቹ አሠልጣኝ ሲያለከልክ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እውነቱን ንገረኝ፤ ይህ ልጆቻችንን ለማድከም የታሰበ ዘዴ ነው?» አለኝ። «አዎ፤ እማሆይ ከክለቡ ጋር ተማክረው ነው የሞቱት» አልኩት።

ስንመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንብላለች። ኮሚሽነሩ ራሱ አብሮን ቀብሮ ስለተመለሰ ፎርፌ የሚል ሰው አልነበረም። ዋናው በረኛችን የቃሬዛው እጀታ ትከሻውን ልጦት ክንዱን ማንሣት አቃተው። ስለዚህ በዚያ ቀን፣ በዚያች በከተማው ትልቋ ጨዋታ፣ ግቡ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ታረቀኝ እንደ ወትሮው ወንበራቸውን አስቀምጠው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ከግቤ ሆኜ ጀርባቸውና የተጠቀለለው ጥላቸው ይታየኝ ነበር።

ተጫወትን። እኔም ተጫወትኩ፤ አንዷን በጉልበቴ፣ አንዷን በደረቴ፣ አንዷን ደግሞ በምን እንደሆነ ሳላውቅ መለስኩ። ዳኛው ሰዓቱን ማየት ጀምሮ ነበር። ያኔ ሰይድ ከሩቅ በግራው መታት። ዘለልኩ። እጄ ላይ ነፋሷ ደረሰኝ፤ ኳሷ ግን አልፋ መረቡ ውስጥ ነበረች።

ሰይድ አልጨፈረም። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መሬት መሬት እያየ ተመለሰ። እኔ ግን ወደ ኳሷም ወደ ሰይድም አላየሁም፤ ዓይኔ የሄደው ወደዚያ ጀርባ ነው። ከዚያ ወደ ደጋፊው አየሁ።

ሕዝቡ ይስቃል። ሺህ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያጨበጭባል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ጋሽ ታረቀኝ የሚያዩት የእነሱን ፊት ነው፤ ስለዚህ ፊታችን አይንገራቸው ብሎ ሁሉም ሰው ሳይመካከር ደስታ ለበሰ። እኒያ ለመጀመሪያው ጨዋታ እንባ ይዘው የመጡት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ በሌላው እጃቸው ያጨበጭቡ ነበር።

ጋሽ ታረቀኝ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በእርጋታ አዩአቸው።

«ገባብን፣ አይደል?» አሉ ከጎናቸው ለነበረው ለአሠልጣኙ፤ ኋላ እሱ ነው የነገረኝ።

«ኧረ... በምን አወቁ?»

«ላስታ ውስጥ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተደስቶ አያውቅም።»

በዚያው አለቀ። ወረድን።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ለእማሆይም ለክለቡም አንድ ድንኳን። የፋብሪካው ልጆች ሳይበሉ አይሄዱም ተብለው ንፍሮውን ከእኛ ጋር ቆረጠሙ። ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ለትንሽ ነበር እኮ ያመለጠችህ» አለኝ። ሥርዓቱን ማን እንደነገረው እንጃ።

በሣልስቱ እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ ታረቀኝ ሰው ሳይጠይቃቸው ከሰብሳቢው ወንበር ተነሥተው፣ ጥላቸውን ይዘው፣ ከበሩ ሥር ከተራው ሰው መካከል ሄደው ተቀመጡ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። አያ ደምሌ ብድግ ሲሉ፣ አሁን ነው ዋናው ክስ ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ደረስኩ።

«እኔ የከሰስኩት» አሉ፣ «ይህ ሰው አንድ ቀን እድሩን ለኳስ ይሸጣል ብዬ ነበር። ቀኑ ደረሰ። ኳሱን ለእድር ሸጠው። ወንበሩንም ጨምሮበት። እንግዲህ ምን ብዬ ልክሰስ? ክለቡ ወርዷል ትሉኛላችሁ። ይውረድ! በየትኛው ሊግ ነው ዘመድ የሌላት መነኩሲት በሁለት ቡድን ታጅባ የምትቀበረው? እስቲ እዚያ ውስጥ ያለ ክለብ ይምጣና ይወዳደረን!»

ድንኳኑ ሊገነጠል ደረሰ። ጋሽ ታረቀኝ ግን ከበሩ ሥር ሆነው፣ «ቃል ቃል ነው፤ ወርጃለሁ» አሉ።

«ወርደዋል!» አሉ አያ ደምሌ። «ማን ከለከለዎት? አሁን ሰብሳቢ የለንም። ጎበዝ፣ ማንን እንምረጥ?»

እንዲህ ሆኖ ጋሽ ታረቀኝ በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ ከሥልጣን ወረዱ፤ አንድ ጣሳ ጠላ እስኪጠጣ ድረስ። ተመርጠው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ከመቀመጣቸው በፊት አጎንብሰው እግሩን አዩና፣ «ከበሩ በኩል ሲያዩት ዘንበል ብሏል። አያ ደምሌ፣ ይህን ያሠሩልኝ» አሉ። ጉባኤውን በዚሁ ከፈቱ።

አለት ከዚያ ወዲህ ወደ ክልሉ ሊግ አልተመለሰም። የዋንጫ መደርደሪያ ሠርተን ነበር፤ አያ ደምሌ የእድሩን ብርጭቆ ደርድረውበታል። ግን ላሊበላ ላይ «የማን ደጋፊ ነህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው አለት የሚላችሁ። እኔም ጫማ የሚገዛኝ ሁሉ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

ለቀብራቸው ደረስኩ። ከተማው ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል። ሰይድ ሆዱ ገፍቶ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር መኪና ተኮናትሮ መጥቶ ነበር። ከኮን ከተማ ድረስ የመጡ ሰዎችም ነበሩ። ቃሬዛውን ለመያዝ ሰው ተጋፋ፤ ቀብር ላይ ወረፋ ሲያዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰይድንና ጓደኞቹን ሰብስቤ የጋሽ ታረቀኝን ጨዋታ እያነሣሁ፣ እድር ማለት ምን እንደሆነ፣ ሰው ያለ ሰው ምንም እንዳልሆነ፣ እጄን እያወናጨፍኩ እተነትንላቸው ነበር። ሲያደምጡኝ ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

አያ ደምሌ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። እንግዶችን በየቦታቸው ሲያስቀምጡ ቆይተው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ከየአገሩ የመጡ እድሮች በዚህ በኩል ነው የሚቀመጡት» አሉኝ። «የወልድያው እድርህ ማን ይባላል? ጓደኞችህን ጥራቸውና ላስቀምጣቸው።»

ሰይድም ጓደኞቹም መልሴን ይጠብቃሉ። ወልድያ ስኖር ስንት ዓመቴ! የሰው ሠርግ ላይ እጨፍራለሁ፣ የሰው ለቅሶ ላይ ንፍሮ እቆረጥማለሁ፤ አባል መሆኑን ግን «በሚቀጥለው ወር» ስል ኖሬያለሁ። ቀልድ ፈልጌ አፌ ውስጥ አጣሁ።

«የለኝም፣ አያ ደምሌ» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ዛሬም የለኝም።